አምስተኛዋ ፍየል ስርቆት ናት?

ጥያቄ፦ ልጄ ሰኞ ባቲ ገበያ አራት ፍየል ገዝቶ ጭኖ መጣ። ማታ ሲያወርድ አምስት ሆኑበት። ያኔውኑ ለደላላው ደወለ። ጠዋት የአምስተኛዋ ፍየል ባለቤት ፖሊስ ይዞ ከተፍ! ልጄም «አዎ፣ ወስጃታለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። አሁን በስርቆት ተከሷል። አምኗልና አለቀለት ማለት ነው? (አባት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ አላለቀለትም። ልጅዎ ያመነው ፍየሏን መውሰዱን ነው፤ መስረቁን አይደለም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 23 ለወንጀል ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ሕጋዊ (ሕጉ የከለከለው መሆኑ)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱ መፈጸሙ) እና ሞራላዊ (አስቦ ወይም በቸልተኝነት ማድረጉ) ፍሬ ነገር። ሦስተኛውን ችሎት ላይ «የሐሳብ ክፍል» እንለዋለን። የልጅዎ ጉዳይ እዚያ ላይ ነው ያለው። ስርቆት (አንቀጽ 665) የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ የሌላውን ንብረት መውሰድ ነው። የራሴ ናት ብሎ የወሰደ ሰው ይህ ሐሳብ የለውም። አንቀጽ 80 ስለ ፍሬ ነገር ስህተት (እውነታውን ተሳስቶ ስለ ማድረግ) የሚለውም ይኼንኑ ነው።

ዐቃቤ ሕጉ «ቆጥሮ መጫን ነበረበት» ሊል ይችላል። ልክ ነው፣ ነበረበት! ግን በአንቀጽ 59 መሠረት ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። በመኪና ሰው ገጭቶ ቢገድል ኖሮ በቸልተኝነት በአንቀጽ 543 ይጠየቅ ነበር። በቸልተኝነት የሚፈጸም ስርቆት ግን የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ያቺ ሌሊት ናት። አምስት መሆናቸውን ካወቀ በኋላ ምን አደረገ? የጆሮዋን ምልክት ቢያጠፋ ወይም ጎህ ሳይቀድ ቢሸጣት ኖሮ ዳኛው «ከመነሻውም ያውቅ ነበር» ቢል አልፈርድበትም። የሰው ሐሳብ አይታይም፤ ፍርድ ቤት የሚገምተው ከአድራጎቱ ነው። ስለዚህ ያ ስልክ ወርቅ ነው። የጥሪ ዝርዝሩ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቴሌ ይቅረብላችሁ። ደላላውንም ሳይውል ሳያድር አግኙትና ምስክር ይሁን።

ዳኛው ክሱን አንብቦ «ፈጽመሃል ወይ?» ሲለው፣ ለመገላገል ብሎ «ጥፋተኛ ነኝ» እንዳይል አደራ። «ፍየሏን ወስጃለሁ፤ የሌላ ሰው መሆኗን አላወቅሁም ነበር» ይበል። ጠበቃ መቅጠር ካልቻላችሁ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ይጠይቅ።

ወደ ፍየሏ ባለቤት ሽማግሌ መላክ ጥሩ ነው፣ ግን እርቅ ብቻውን የስርቆት ክስን አይዘጋም። ፍየሏ እስካሁን እናንተ ጋ ካለች ደግሞ ዛሬውኑ በፖሊስ ፊት አስረክቧት፤ ማስረከቢያውንም አስፈርማችሁ ያዙ።