ከአበባ ሱቅ የተገዛ ጽጌረዳ ኬክ ላይ ይደረጋል ወይ?

እህቴ፣ ለልጅሽ የልደት ኬክ ከአበባ ሱቅ የገዛሽውን ጽጌረዳ መጠቀም ትችይ እንደሆነ ጠይቀሻል። እባክሽን አታድርጊው! ያ ጽጌረዳ የተመረተው ለአበባ ማስቀመጫ እንጂ ለምግብ አይደለም፤ ተባይና ሻጋታ እንዳያበላሸው በኬሚካል ይረጫል። ኬሚካሉ ደግሞ በውኃ ስለታጠበ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

በግቢሽ ወይም በጎረቤት ጓሮ ምንም ያልተረጨ ጽጌረዳ ካለ ግን እሰየው። ማለዳ ጤዛው እንደደረቀ ቁረጪው፤ የአበባውን ቅጠሎች አንድ በአንድ ለያይተሽ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢና በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርቂው። ከሥሩ ያለችውን ነጭ ጫፍ በመቀስ አንሺያት፣ ትመራለች። ብዙዎች የእንቁላል ነጭ ቀብተው ስኳር ይነሰንሱበታል፤ ሲደርቅ በእርግጥም ያምራል። ልጆች የሚበሉት ስለሆነ ግን እኔ ጥሬ እንቁላሉን ትቼ ትኩሱን አበባ ኬኩ ሊቀርብ ሲል ባስቀምጥ እመርጣለሁ።

ለመጠጡ ከርከዴ ይበቃሻል። በፈላ ውኃ ዘፍዝፈሽ አጥልይው፣ አቀዝቅዢው፣ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ ቀይነቱ ይበልጥ ይደምቃል። በበረዶ ውስጥ አበባ ማየት ከወደድሽ የበረዶ መሥሪያውን እስከ ግማሽ ሞልተሽ አበባውን ጨምሪና በረዶ እስኪሆን ጠብቂ፣ ከዚያ ቀሪውን ውኃ ሙዪው። በአንድ ጊዜ ከሞላሽው አበባው ወደ ላይ ይንሳፈፋል።

በሠርግ ላይ የምናየው ነጩ ካላ ሊሊ ግን ለጌጥ ብቻ እንኳ ኬኩን እንዳይነካ፤ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል።