ለሽጉጥ ሥልጠና የአንድ ቀኑን ልያዝ የሦስት ቀኑን?

የሦስት ቀኑን ያዝ። ፈቃድ ያወጣህበት ሽጉጥ ለሱቅህ ጥበቃ ከሆነ፣ በአንድ ቀን መቶ ጥይት መተኮስ ጆሮህን ከማደንቆር ብዙም አያልፍም።

ከመክፈልህ በፊት አሠልጣኙን «መጀመሪያ ቀን ምን እንሠራለን?» በለው። «በባዶ ሽጉጥ» ካለህ ሰውየው ሥራውን ያውቃል። የሚያስጀምርህ ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) ማውጣት፣ ከዚያ የሽጉጡን የላይኛውን ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ስቦ ውስጡን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ ነው። ብዙ ሰው ካዝና ስላወጣ ብቻ ባዶ ነው ብሎ ቃታ ይስባል። በርሜሉ ውስጥ የጎረሰችው አንዷ ጥይት ግን እዚያው ናት! መቼ እንደማይተኮስና መቼ መሸሽ እንደሚሻል ካላነሳልህም ተወው።

ፈቃድህን ሳያይ የሚመዘግብህን ደግሞ ራቀው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። «ከባሕር ዳር ወጣ ብለን ጣና ዳር እንተኩሳለን» ካለህ እንዳትሄድ። እኔ አንዴ ሞኝ ሆኜ ሄጃለሁ። ወደ ውሃው የተተኮሰው ጥይት ነጥሮ እያፏጨ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ከደንገሉ መሀል አንድ ታንኳ ብቅ አለች፤ ሰውየው መረቡን እየሰበሰበ ነበር። ከዒላማው ጀርባ ወፍራም የአፈር ክምር ካላሳየህ ብርህን ከኪስህ አታውጣ።