«ተዋናዮች አይደሉም» የተባሉት ሰዎች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ባጃጅ እነዳለሁ። ትዳር ከያዝኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ማታ ባለቤቴ ከተኛች በኋላ በስልኬ የወሲብ ፊልም የማየት ልማድ አለኝ። ብዙዎቹ ትወና መሆናቸውን አውቃለሁ። እኔ የምመርጠው ግን «እውነተኛ ሰዎች»፣ «ተዋናዮች አይደሉም» ተብሎ የተጻፈባቸውን ነው። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ጥርት ያለ አይደለም፣ ሰዎቹም መንገድ ላይ ድንገት የተገናኙ ናቸው። ተራ ሴቶች እንዲህ ከሆኑ የእኔዋ ለምን አልሆነችም የሚል ሐሳብ ያስጨንቀኝ ጀመር። በቀደም ሌሊት እንደእነርሱ እንድትሆንልኝ ብጠይቃት «ማንን እያየህ ነው?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እነዚህ ፊልሞች እውነት ናቸው? ለእርሷስ ባሳያት ይሻል ይሆን?
መ.፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዝግጅት ክፍሉ ደብዳቤህን ለእኔ የሰጠኝ ሐኪም ወይም የጋብቻ አማካሪ ስለሆንኩ አይደለም። አሥራ አራት ዓመት ከአቃቂ እስከ ዱከም ሠርግ ስቀርጽ ኖሬያለሁ። ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም ምን እንደሚሆን ያየሁትን ልንገርህ።

ገላን ውስጥ አንድ ሠርግ ነበር። ሙሽሪት ከቤት ልትወጣ ስትል የአባቷን ጉልበት ስማ ቀና ስትል የሽማግሌው እንባ ዱብ ዱብ አለ። በዚያች ደቂቃ እኔ ባትሪ እየቀየርኩ ነበር። አንዱ ሚዜ በሰው መሐል ተጋፍቶ መጣና «ተቀርጿል?» አለኝ። አልተቀረጸም። አባትየው እንደገና ተቀመጡ፣ ልጅቷም እንደገና ተንበረከከች። በሁለተኛው አንድ ሕፃን በካሜራው ፊት አለፈ። በሦስተኛው ሁሉም ነገር ተስተካከለ፤ አባትየው ከኮታቸው ኪስ ነጭ መሀረብ አውጥተው ደረቅ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ዘፈን ጨምሬበት አስረከብኩ። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ እያየ የሚያለቅሰው በዚያ በሦስተኛው ነው። የመጀመሪያውን እንባ ያየነው ግቢው ውስጥ የነበርነው ብቻ ነን።

እነዚህ ሰዎች በእውነት የሚዋደዱ አባትና ልጅ ነበሩ። ገንዘብ የከፈላቸውም አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ካሜራው በሩብ ሰዓት ውስጥ ተዋናይ አደረጋቸው።

የሚንቀጠቀጠው ምስል ምንም ማረጋገጫ አይሆንህም። ማንም ቀራጭ ካሜራውን ከማቆሚያው ላይ አውርዶ በእጁ ሲይዘው የሚመጣ ነገር ነው፤ እኔም ጭፈራው የሞቀ እንዲመስል ሆን ብዬ አደርገው ነበር። በድንገት ተገናኙ የተባሉት ሰዎችም በአብዛኛው ቀጠሮ ይዘው፣ በዋጋ ተስማምተውና ውል ፈርመው የመጡ ናቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የፌዴራል ሕግ አምራቹ የእያንዳንዱን ተሳታፊ ዕድሜ በመታወቂያ እንዲያረጋግጥና መዝገቡን እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል። ስለዚህ አንተ «መንገድ ላይ አገኛት» ብለህ የምታያት ሴት፣ ቀረጻው ሳይጀመር መታወቂያዋ ፋይል ውስጥ መግባት አለበት። አንተ ጋ ግማሽ ሰዓት ሆኖ የሚደርሰው ሥራ ብዙ ጊዜ ሰዓታት የፈጀ ነው። በመሐል ይቆማል፤ ፎቶ ይነሣል፣ መብራት ይስተካከላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ድካሙ፣ ሕመሙና መሰልቸቱ ተቆርጦ ይጣላል። አንተ ከባለቤትህ ጋር የምታወዳድረው ከመቀሱ የተረፈውን ነው።

ከዚህ የሚከብድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱን ሳልነግርህ ብቀር አጠፋለሁ። አንዳንዶቹ በእርግጥም ተዋናዮች አልነበሩም። በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ አንድ ድርጅት ፊልሞቹን የሚሸጠው «ሥራዋ ይህ ያልሆነ ተራ ልጅ» እያለ ነበር። ስሙን አልጽፈውም፤ ስሙን ይዞ ፊልሙን የሚፈልግ ሰው ሴቶቹን እንደገና ይጎዳል። ወጣቶቹን የሚጠራቸው በልብስ ሞዴልነት ማስታወቂያ ነበር። ከመጡ በኋላ ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ እንደማይወጣ፣ በሩቅ አገር ላሉ ገዢዎች በዲቪዲ ብቻ እንደሚሸጥ ይነገራቸዋል። ከዚያ ግን ኢንተርኔት ላይ ይወጣና ጎረቤቱ፣ ዘመዱና የትምህርት ቤት ጓደኛው ሁሉ ያያቸዋል። ሃያ ሁለት ሴቶች ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ፈረደላቸው። ፊልሞቹ ላይ ይሠራ የነበረው ወንድ በ2021 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። መሥራቹ አገር ጥሎ ጠፍቶ በ2022 መጨረሻ ስፔን ውስጥ ተያዘ። እነዚያ ሴቶችም ውል ፈርመው ነበር፤ የፈረሙት ግን ተታለው ነው።

በዚያው በ2020 ማብቂያ ቪዛና ማስተርካርድ በአንድ ትልቅ የወሲብ ድረ ገጽ ላይ ክፍያ ሲያቋርጡ፣ ድረ ገጹ ማንነታቸው ባልተረጋገጠ ሰዎች የተጫኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቪዲዮዎችን አነሣ። እስከዚያ ድረስ ሰው ያያቸው ነበር፤ «እውነተኛ ናቸው» እያለ።

ስለዚህ «እውነት ናቸው ወይ?» ላልከኝ፣ ብዙዎቹ እውነት የሚመስሉ ትወናዎች ናቸው። ትወና ያልሆነው ሲያጋጥም ደግሞ በስልክህ መስታወት ላይ የምታየው የተታለለች ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ከፊቷ መለየት አትችልም። እኔ በሥራው ኖሬበት አልችልም። ለዚህ ነው ተወው የምልህ።

ለባለቤትህ ማሳየቱን ጨርሶ አታስበው። ሌላ ሴት ለገንዘብ ወይም ተገድዳ ያደረገችውን እንድትማር መጠየቅ ነውና ያዋርዳታል። አንተ ደግሞ ሁለት ዓመት አብራህ ስትኖር ምን ደስ እንደሚላት ጠይቀሃት እንደሆነ በደብዳቤህ ላይ አልጻፍክም። ደጋግሜ አነበብኩት፤ የለም።

ቅዳሜ ባጃጅህን በጊዜ አቁም። ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጥ፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። «ማንን እያየህ ነው?» ብላ ጠይቃህ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልመለስክላትም። ከዚያ ጀምር። ከተቆጣችም ስሚኝ ብለህ አታቋርጣት፤ ተናግራ ትጨርስ።