መልስ፦ የአባትሽ ውጤት «ደህና ነው» ቢባልም

እህቴ፣ ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይና ብዙ ጊዜ እጅ የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ) ያለባቸው አባትሽ በማስታወስ ፈተና ከ30 28 አግኝተው «ደህና ናቸው» እንደተባልሽ ጽፈሻል። ግን የቤት ሂሳብ መያዝና መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ ከብዷቸዋል። ያየሽውን እመኚ።

በፓርኪንሰን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነካው ማስታወስ ሳይሆን ማቀድ፣ ትኩረትና የማሰብ ፍጥነት ነው። ኤምኤምኤስኢ የሚባለው የተለመደ አጭር የአእምሮ ፈተና ይህን በደንብ አይለካም። ሞካ የሚባለውን ፈተና እንዲሰጧቸው ጠይቂ። እሱም የሚታረመው ከ30 ነው። ከ26 በታች ቢመጣ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት እንጂ የመርሳት በሽታ ያዛቸው ማለት አይደለም። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ግን በሞካ ውስጥ «ሰዓት ሳል፣ ኩብ ቅዳ» ሲባል የሚለካው ትምህርት ነው። እጃቸው ከተንቀጠቀጠም ሥዕሉ ይበላሻል። ስለዚህ የቤተሰብ ቃል ትልቅ ዋጋ አለው። ያየሽውን ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪ።

ፈተናው የፓርኪንሰን መድኃኒታቸው በሚሠራበት ሰዓት ይሁን። የሚወስዱትንም ሁሉ ይዘሽ ሂጂ። በተለይ ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል በዕድሜ የገፉ ሰዎችን አእምሮ ሊያደናግር ይችላል። በራስሽ ግን እንዳታቋርጪባቸው። ድብርትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ይታዩላቸው።

በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከተደናገሩ ቀጠሮ አትጠብቂ። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ያኔውኑ ውሰጃቸው።