ዝናብ ለመለካት ለምታስቡ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ ደውላ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የአሲድ ዝናብ ይዘንባል እንዴ?» አለችኝ። ከተማው ፋብሪካ በፋብሪካ ሆኗል፣ ዝናቡስ እንዴት ነው ማለቷ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ከምን ጋር አወዳድሬ ልመልስላት? የድሮው ዝናብ ምን እንደሚመስል የሚነግረን መዝገብ የለማ።

መዝገቡ ግን ነበር። እስከዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

በወጣትነቴ በሠራሁበት ላብራቶሪ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ነበሩ። ብዙ አልተማሩም። ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፉና ከቆርቆሮው ራቅ አድርገው እንጨት ተክለው፣ እላዩ ላይ ጠርሙስና የፕላስቲክ ፈነል አስረዋል። ፈነሉ ሁልጊዜ ክዳን አለው። ሰማዩ ጠቁሮ ሊጥል ሲል ካፖርታቸውን ደርበው እየሮጡ ይከፍቱታል፤ ሲያባራ መልሰው ይከድኑታል። ምነው እንዲህ መልፋት ስላቸው «ክፍት ከተውኩትማ የምለካው የመንገዱን አቧራ ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። በአየር ላይ ያለው ብክለት መሬት የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ከዝናብ ጋር ይወርዳል፣ ሌላው ደረቁን ያርፋል። ጠርሙሱ ክፍት ከዋለ ሁለቱ ይደባለቃሉ።

ጠርሙሱን ሲያጥቡ ሳሙና አያስነኩም። በተጣራ ውሃ ደጋግመው ያለቀልቁና የመጨረሻውን እጣቢ ራሱን ይለኩታል። እጣቢው ከተጣራው ውሃ እኩል እስኪያነብ አይለቁም። ፒኤች ላይም (የአሲድነት መለኪያው ነው፤ ቁጥሩ ከ7 ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) እንዲሁ ናቸው። ዝናብ ውስጥ የሟሟ ጨው ትንሽ ስለሆነ መሣሪያው ቶሎ አይረጋም። እኛ ያየነውን ቁጥር ጽፈን እንሄዳለን፣ እሳቸው ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። አንዴ ደግሞ ጉም እንያዝ ብለው ጣርማ በር ድረስ ይዘውኝ ወጡ። የናይሎን ክር የተወጠረበት ፍሬም ይዘን ገደሉ አፋፍ ላይ ስንቆም ወደ ደሴ የሚወርዱ ሾፌሮች ሳቁብን። የጉም ጠብታ ውሃው ትንሽ ስለሆነ የሚሟሟበት ነገር ከዝናብ ይልቅ ይበረታል። ብርዱ ግን አይወራ።

ሁሉንም በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ያሰፍሩ ነበር። ጡረታ ወጡ። መሥሪያ ቤቱ ቢሮ ሲቀይር መዝገቡ «አሮጌ ወረቀት» ተብሎ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ተወገደ። እኔ አዲስ አበባ ስልጠና ላይ ነበርኩ። ስመለስ ሼልፉ ባዶ ነው። የጠየቅኩት ሁሉ ትከሻውን ነቀነቀ። አሜሪካኖች ሀባርድ ብሩክ በሚባል ጫካቸው በፈረንጆች 1963 የጀመሩትን ልኬት ስላላቋረጡ ነው ከ1990ው የአየር ሕጋቸው በኋላ ዝናቡ እንደተሻሻለ በቁጥር ማሳየት የቻሉት። እኛ ዘንድ ይህን የሚያህል ነገር በጋሪ ተጭኖ ሄደ።

የዛሬ ልጆች ፕሮፖዛል ካልጸደቀ፣ መሣሪያ ካልተገዛ አትንቀሳቀሱም። ስልክ ላይ ተጥዳችሁ ትውላላችሁ። እርግጥ ያኔ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ቢኖረን ኖሮ ያ መዝገብ ዛሬ በእጃችን ነበር። እና በስልኩ ብዙም አልፈርድባችሁም።

ስለ ቁጥሩ ግን አንድ ነገር ልበል። ንጹህ ዝናብ 7 አያነብም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበት 5.6 አካባቢ ነው። 6 አይታችሁ «አሲድ ሆነ» እንዳትሉ። 6.5 አይታችሁ «አየራችን ንጹህ ነው» ማለት ደግሞ ይብሳል። አቧራው ካልሲየም ይይዛል፣ ከከብቱና ከኩበቱ ጭስ አሞኒያ ይወጣል፤ ሁለቱም አሲዱን ያበርዱታል። ከጭስ ማውጫው የመጣው ሰልፌት ግን ውሃው ውስጥ አለ። ስለዚህ ፒኤች ብቻ ለክቶ መቀመጥ ምንም አይነግራችሁም፤ ሰልፌት፣ ናይትሬት፣ አሞኒየምና ካልሲየም አብረው ይለኩ። አማካይ ስታወጡም ተጠንቀቁ፤ ፒኤች በአንድ ሲወርድ አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። እኩል መጠን ካላቸው ሁለት ናሙናዎች አንዱ 4፣ ሌላው 6 ቢያነብ አማካዩ 5 ሳይሆን 4.3 ነው።

ናሙናውን ያዝ እንዳደረጋችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ ውጭ ካደረ ተህዋስያን አሞኒየሙን ይበሉታል። ክረምቱን አትጠብቁ፣ ከበልጉ ጀምሩ። ከደረቁ ሰሞን በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ አየሩን ስለሚያጥብ የሰልፌቱና የሌሎቹ መጠን ከፍ ይላል። ደንግጣችሁ «ናሙናው ተበላሽቷል» ብላችሁ እንዳትደፉት።