ስንት ቀን አለን? ለወጣቶች የተጻፈ ደብዳቤ

ልጆቼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሒሳብ ስይዝ ኖሬአለሁ። የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ዓመታት ያሳለፍኩት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል የሒሳብ ኃላፊ ሆኜ ነው። ይህን የምጽፈው በኮሮና ጊዜ ተማሪ ለነበራችሁና ዛሬ የራሳችሁን ደመወዝ መቀበል ለጀመራችሁ ነው። ያን ጊዜ የቤት ኪራይና የጤፍ ነገር የእናትና የአባት ጭንቀት ነበር፤ አሁን ወደ እናንተ ተሸጋግሯል። ክፉ ቀን መምጫውን ቆርጦ አይናገርም፤ እኔ ካለፍኩበት የቀረልኝን ሳልነግራችሁ ብቀር ቅር ይለኛል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ዓርብ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው በዚያ ዕለት ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። በተከታዩ ሰኞ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በእኛ ሆቴል ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የሚደወለው ስልክ ሁሉ የተያዘ ክፍል ለማሰረዝ ሆነ። በወሩ መጨረሻ የገቢ መዝገቡን ስዘጋ፣ ዘጠና አራት ክፍል ባለው ቤት ያደሩት እንግዶች ስድስት ነበሩ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ሠራተኛ ማሰናበትን፣ ተከራይ ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን ከልክሎ ስለነበር ከሥራ አልተባረርንም፤ ደመወዛችን ግን በግማሽ ተቆረጠ።

እኔም የሰው ሒሳብ ሳመሳክር የኖርኩ ሴት የራሴን ቤት ሒሳብ ደበቅኩ።

ባለቤቴ ቱሪስት የሚያመላልስ መኪና ሹፌር ነው። የእሱ ሥራ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ነበር። ልቡ እንዳይሰበር ብዬ «የእኔ ደመወዝ አልተነካም» አልኩት። የጎደለውን ከቁጠባዬ እያወጣሁ በየወሩ ሞላሁ። እሱ ደግሞ የእቁብ ተራው እንዳያልፍበት ከአንድ ጓደኛው ስድስት ሺህ ብር ተበድሮ ኖሯል፤ እኔ አላወቅሁም። ሁለታችንም «ደህና ነው» እንባባላለን። ግን ቤቱ ውስጥ ሰላም አልነበረም። መብራት ለምን በራ፣ ወጡ ለምን ጨው በዛበት፣ በሩ ለምን ተንኳኳ እየተባባልን እንጋጭ ነበር። ስለ ገንዘብ መነጋገር የፈራን ሰዎች ስለ ጨው ተጣላን።

ግንቦት ውስጥ አንድ ማታ ባለቤቴ መሳቢያ ውስጥ መድኃኒት ሲፈልግ የባንክ ደብተሬን አገኘው። ከፍቶ ወጪውን አየ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ከሸሚዙ ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ከደብተሩ አጠገብ አስቀመጠው፤ የብድሩ ወረቀት ነበር። ልጃችን ተኝታለች። የምንጽፍበት ፈልገን የእሷን የሒሳብ ደብተር ከቦርሳዋ አወጣን። የመጨረሻው የተጻፈበት ገጽ ላይ ከላይ «4/7/2012» ይላል፤ ሥሩ አምስት የመቶኛ ጥያቄዎች አሉ፣ አራቱ ላይ መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርገዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው። ቀጣዩን ገጽ ገለጥን።

ልነግራችሁ የፈለግሁት በዚያ ገጽ ላይ ያለውን ነው። በየወሩ የምናወጣው 13,500 ብር ነበር። የሚገባው የእኔ ግማሽ ደመወዝ፣ 5,400 ብር። ጉድለቱ 8,100። የቀረን ቁጠባ 16,200 ብር። ማለትም ሁለት ወር። ባለቤቴ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ስድሳ ቀን አለን» አለ።

ታምኑኛላችሁ? ያን ማታ ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስድሳ ቀን ብዙ ሆኖ አይደለም። ከዚያ በፊት ግን ጭንቀቴ ልክ አልነበረውም፤ ነገም ልናልቅ እንችላለን፣ ዓመትም ልንቆይ እንችላለን። ልኩ ሲታወቅ ፍርሃቱ ሥራ ሆነ። ስለዚህ ገንዘባችሁን ስትቆጥሩ በብር ብቻ አትቁጠሩ፤ በቀን ቁጠሩ። «ስንት ብር አለኝ» የሚለው ጥያቄ ከጎረቤት ጋር ያፎካክራል። «ስንት ቀን አለኝ» የሚለው ግን የራሳችሁን ቤት ብቻ ያሳያችኋል።

በማግሥቱ ወጪ ላይ ተቀመጥን። የልጃችን የትምህርት ቤት ሰርቪስ 850 ብር፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ስለተዘጋ ቀረ። ከሥጋ፣ ከካርድና ከልብስ 700 ብር አወረድን። ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ማንም ያውቀዋል። ከባዱ ሰው ፊት ቀርቦ መናገር የሚጠይቀው ነበር፤ አከራያችንና እቁባችን።

አከራያችን በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። አዋጁ ከእኔ ጎን እንደነበረ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አዋጅ ይዤ አልሄድኩም። የልጄን ደብተር ይዤ ሄድኩ። በር ላይ ራቅ ብዬ ቆሜ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ «እማማ፣ ገቢያችን ይህ ነው፣ ወጪያችን ይህ ነው፣ ሳልከፍል ከምጠፋብዎ አሁን ልንገርዎ» አልኳቸው። እሳቸውም የሚኖሩት በእኛ ኪራይ ነው፤ ስለዚህ «ተዉልኝ» አላልኩም፣ «1,500 ይቀነስልኝ፣ ቀሪውን በቀኑ አደርሳለሁ» ነው ያልኩት። ዝም ብለው ቆዩና «ሌሎቹ ተከራዮች ስልክ እንኳን አያነሱልኝም» አሉኝ። ተስማሙ። ልጆቼ፣ ይህን ልብ በሉት፤ ባለዕዳ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያጣው መታመኑን ነው፤ እሱንም የሚያጣው ሲደበቅ ነው።

ስለ እቁብ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ፤ ብዙ ወጣቶች አሁን በሥራ ቦታቸው እቁብ ይገባሉ፣ ምን እንደያዙ ግን በደንብ ሳያዩት ይቀራሉ። እቁብ ቁጠባ ነው ይባላል። ለመጨረሻው ባለዕጣ ቁጠባ ነው፤ ለመጀመሪያው ግን ወለድ የሌለው ብድር ነው። ቀድማችሁ ከበላችሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለዕዳ ናችሁ። እቁቡ የሚቆመው በዋስና በመተማመን ላይ ነው፤ በክፉ ቀን የሚፈርሰውም ቀድመው የበሉት መክፈል ሲያቆሙ ገና ያልደረሳቸው ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ ነው። ስለዚህ ዕጣው ሲወጣላችሁ ሁሉንም በአንድ ቀን ዕቃ አታድርጉት፤ ቢያንስ የሦስት ወር መክፈያውን ለብቻው አስቀምጡ። እኛ በወር 2,000 ብር እንጥል ነበር፣ ዕጣችንም ገና ነበር። ባለቤቴ ዳኛው ዘንድ ሄዶ «ግማሽ እጅ አድርጉልን» ሲላቸው ዳኛው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጫኑ። «አራት ሰው ይህንኑ ሊለኝ ሲፈራ ቆይቶ ትናንትና ዛሬ መጣ» አሉት። አራት ቤት ለየብቻው ሲጨነቅ፣ ሲበደር፣ ዕቃ ሲሸጥ ከርሟል፤ ይሉኝታ ይዞን። በመጨረሻ መዋጮው ለሁሉም በግማሽ እንዲሆን ተስማሙና እቁቡ ሳይፈርስ ቆየ።

ከኪራይ 1,500፣ ከእቁብ 1,000፣ ከሰርቪስ 850፣ ከሌላው 700፤ በድምሩ 4,050 ብር ቀነስን። ወጪያችን 9,450 ሆነ፣ ጉድለታችን 4,050። ያው 16,200 ብር አራት ወር ሆነ። አንድ ብር ሳይጨመርበት ስድሳ ቀን መቶ ሃያ ቀን ሆነ።

ይሉኝታ ከዚህም የከፋ ዋጋ ያስከፍላል። የጎረቤቴ ልጅ ቤሩት ትሠራ ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው ያኔ ነው። እዚያ ቆንስላችን ደጃፍ ላይ አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው የሄዱትን እህቶቻችንን ሥዕል ሁላችንም አይተናል። ይህች ልጅ ለአራት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። እናቷ በደወሉ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ በሚቀጥለው ወር እልካለሁ» ትላለች። እናትየው ያንን ተስፋ አድርገው ሱቅ በዱቤ ይወስዳሉ። ልጅቱ እውነቱን በመጀመሪያው ወር ብትናገር ኖሮ እናቷ ዱቤ አይከምሩም ነበር፤ እሷም ርሃቧን ለብቻዋ አትሸከምም ነበር። በውጭ አገር ያላችሁ ልጆች፣ ለቤተሰብ የምትልኩት ሲቀንስ መቀነሱን ተናገሩ። እዚህ ያላችሁም ስትደውሉ ገንዘቡን ከመጠየቃችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ወረቀት። በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት አስተናጋጅ መጥቶ ከሌላ ድርጅት ያስፈረሙትን አሳየኝ፤ «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄአለሁ» ይላል። ሁለት ዓመት አገልግሏል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል። ፈርሞ ስለነበር የአርባ ቀን ደመወዙ ቀረበት። ለምን ፈረምክ ብዬ ስጠይቀው «እምቢ ማለት አፈርኩ» አለኝ። በማንኛውም ጊዜ የሥራ ወረቀት ሲሰጣችሁ «አንብቤ ነገ አመጣዋለሁ» በሉ። ይህን ማለት ነውር አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «ባንክ 7 በመቶ ወለድ ይሰጣል፣ ኑሮው በዓመት 20 በመቶ ገደማ ይወደዳል፣ ታዲያ መቆጠብ ምን ይረባል?» ትሉ ነበር። ቁጥሩ ያን ጊዜ እውነት ነበር፤ ብዙ ገንዘብ ለረጅም ዘመን እንዲሁ ማስቀመጥ እንደማያዋጣም አልክድም። የክፉ ቀን ገንዘብ ግን ለትርፍ የሚቀመጥ አይደለም፤ ቀን የምትገዙበት ነው። መጀመሪያ ሠላሳ ቀን ግዙ፣ ቀጥሎ ዘጠና። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደ ችሎታችሁ ሥሩበት። ፍራሽ ሥር ግን አታስቀምጡ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡ፣ አሮጌውን መቀየሪያው ሦስት ወር ነበር። የአክስቴ ባልንጀራ ለቀብራቸው ብለው ዕድሜ ልካቸውን በሳጥን ያስቀመጡትን ብር በመቀነታቸው ቋጥረው ባንክ ደጃፍ በዚያ ወረርሽኝ ጊዜ ሲሰለፉ አይቻለሁ፤ ልቤን አሳመመኝ።

ስለ መንፈስ ጥንካሬ ደግሞ ይህን እላለሁ። «አይዞሽ፣ ያልፋል» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። እውነትም ያልፋል። በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ ያን ያህል ሕዝብ ፈጅቶ አልፏል፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ አቃጥሎ የሚታጠነው ያን ጊዜ እያስታወሰ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን ሳያዩ «ያልፋል» ማለት የሰውን አፍ መዝጋት ይሆናል። ባለቤቴ ብድሩን ሊነግረኝ ሁለት ጊዜ ጀምሮ እኔ «ተወው፣ ያልፋል» ብዬ እንዳቋረጥኩት ያን ማታ ነው የነገረኝ። ያን መቼም አልረሳውም። ሰው ችግሩን ሊነግራችሁ ሲጀምር ለማጽናናት አትቸኩሉ። ይጨርስ።

በየቀኑ ያኔ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ የሚያሳውቁትን የተመርማሪና የተያዥ ቁጥር ሳናይ አንተኛም ነበር። ማወቁ አስፈላጊ ነበር፤ አልጋ ላይ ስንት ጊዜ መደጋገሙ ግን ምንም አልጠቀመንም። ዜናውን ለቀን፣ የራሳችንን ደብተር ለቅዳሜ ጠዋት አደረግነው። ቅዳሜ ቡና ይፈላል፣ ደብተሩ ይወጣል፣ ልጃችንም አብራ ትቀመጣለች፤ ድምሩን የምትደምረው እሷ ነበረች። ታክሲ ግማሽ ሰው እየጫነ ታሪፉ እጥፍ ሲሆን ከመገናኛ እስከ ቦሌ በእግሬ መመላለስ ጀመርኩ። ለገንዘብ ብዬ የጀመርኩት ነው፤ ቤት ስደርስ ግን ፊቴ የተፈታ ነበር፤ ይህንንም ልጄ ናት የነገረችኝ።

ባለቤቴ ሐምሌ ላይ የአንድ አስመጪ ድርጅት ዕቃ ማመላለስ ጀመረ። የጓደኛውን ስድስት ሺህ ብር በሦስት ጊዜ ከፈለ። አከራያችንም የቀነሱልንን ቀስ በቀስ መልሰንላቸዋል፤ አልጠየቁንም ነበር።

በ2013 ዓ.ም ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ልጃችን የሒሳብ ደብተሯን ጠየቀች። ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችው። የእሷ ከሆነው አምስት ጥያቄ በኋላ ያለው ሁሉ በእኛ እጅ ጽሕፈት ተሞልቷል፤ ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ እቁብ፣ ሳሙና። «ይህ የእናንተ ይሁን» አለችና ለአባቷ ሰጠችው። እሱም አዲስ ገዝቶላት ሲመለስ፣ ቅዳሜ እስኪደርስ ሳይጠብቅ አሮጌውን ከፍቶ ከታች ጻፈ፤ «ደብተር፣ 25 ብር»።