ሲሞቅ አልነሳ የሚለው 280 ኤስኤል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ፍራንክፈርት የሚኖር አንባቢያችን ሰብሳቢዎች «ፓጎዳ» የሚሏትን ክፍት መኪና፣ የ1969 መርሴዲስ ቤንዝ 280 ኤስኤል፣ ሊገዛ አስቧል። ሻጩ 98,000 ዩሮ ጠርቷል። ማስታወቂያው «ኖቴ 2 (በጀርመን የአሮጌ መኪና ይዞታ ደረጃ፣ «ጥሩ» ማለት ነው)፣ ባለ 4 ማርሽ፣ ሁሉም ቁጥር የፋብሪካ» ይላል። መኪናዋ ጠዋት ወዲያው ትነሳለች። ግማሽ ሰዓት ተነድታ ማደያ ስትቆም ግን ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ሞተሩ እምቢ ይላል። ሻጩ «ሁሉም ፓጎዳ እንዲህ ነው» ብሎታል። «ጋሼ፣ ኢንጄክሽን ፓምፑ ሞቶ ይሆን? ቀብድ ልክፈል ወይስ ልተወው?» ሲል ጠይቆናል፤ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶም ልኳል።

ወንድሜ፣ ፓምፑን ለጊዜው ተወው። የ280ው ሞተር 2,778 ሲሲ፣ ባለ 6 ሲሊንደርና 170 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ቤንዚኑን የሚያድለውም በሞተሩ የሚዞር የቦሽ ሜካኒካል ፓምፕ ነው። እሱን ማሳደስ ኪስ ስለሚያራቁት ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ይፈራል። ግን ፓምፑ አልቆ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ጠዋትም ትነጫነጭ፣ መንገድ ላይም ትንተፋተፍ ነበር። ቀዝቅዛ ደህና የምትነሳ፣ ስትሄድም ደህና የምትሄድ ከሆነ፣ ጥፋቱን በርካሹ በኩል ፈልገው።

አሠራሩን ልንገርህ። ከኋላ ሰልባትዮው አጠገብ ያለ የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ ቤንዚን ወደፊት ይልካል፤ የተረፈው በሌላ ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። ይህ ዙረት ቤንዚኑን ያቀዘቅዘዋል። መኪናዋ ሞቃ ስትጠፋ ዙረቱ ይቆማል፣ የሞተሩ ግለት ወደ ቱቦዎቹ ይወጣል፣ ቤንዚኑም ይፈላል። እንግዲህ ሲሞቅ አልነሳም የሚል ፓጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ቤንዚኑ ተንኖበታል፣ ወይ በዝቶበታል።

ለመለየት ካቻቪቴ እንኳ አያስፈልግህም። እምቢ ስትልህ ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሪኖውን ግን አትንካ። ከኋላ የፓምፑ ድምፅ ይሰማሃል፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ፓምፑ ይሥራ፣ ከዚያ አስነሳ። ከተነሳች ትነት ነው። ካልተነሳች ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ረግጠህ ሞክር። ጥቁር ጭስ ተፍታ ከተነሳች ቤንዚን በዝቶባት ነበር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የምጠረጥረው ለብርድ ማስነሻ ቤንዚን የሚጨምረውን ቫልቭ ነው። እሱ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ያንጠባጥባል።

ትነት ከሆነ የሚመጣውን ቤንዚን ለካው። ይህን ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ደጅ ወጥተህ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብህ አድርገህ ሥራው። የመመለሻውን ቱቦ ፈትተህ ጀሪካን ውስጥ ክተትና ቁልፉን ክፈት፦ በ15 ሰከንድ 1 ሊትር መሙላት አለበት። ካነሰ፣ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ለመግዛት ከመሮጥህ በፊት ሰልባትዮው ሥር ያለውን ወንፊትና ፊት ያለውን ፊልትሮ እይ። እነዚህ መኪናዎች ዓመቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ይተኛሉ፤ ሰልባትዮው ከውስጥ ይዝግና ዝቃጩ ወንፊቱን ይደፍነዋል። «ሁሉም ፓጎዳ እንዲህ ነው» የሚለው ቃል ከዚያ ወንፊት የወጣ ይመስለኛል። ምን ነዳጅ እንደሚቀዳም ጠይቀው፤ ኢ10 (እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን) ከሆነ ሱፐር ፕሉስ የሚባለው ባለ ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚን ይሻላታል።

ይህ ሁሉ ግን ዋጋ ለመደራደሪያ ነው። መግዛትና አለመግዛትህን የሚወስነው ላሜራው ነው፤ አንተ ደግሞ ስለ እሱ አንድ ቃል አልጻፍክልኝም።

ፓጎዳ የተለየ ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ ተሸካሚው ነው። ሞተሯን ማንም ደህና መካኒክ ያድሰዋል። ከበሮቿ ሥር ያለውን የበሰበሰ የጎን ሳጥኗንና የፊት አግዳሚዋን ቆርጦ መልሶ በልኩ መበየድ ግን ብዙ አሥር ሺህ ዩሮ ይበላል። የበሮቿ የውጭ ላሜራ፣ የፊትና የኋላ ኮፈኖዋ አሉሚኒየም ስለሆኑ አይዝጉም፤ ፓራፋንጎዎቿ ብረት ናቸው፣ የተያያዙትም በቡሎን ሳይሆን በብየዳ ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ይዘህ ሂድ። የበሩ የውጭ ላሜራ ላይ ከያዘ ላሜራው ተቀይሯል። ፓራፋንጎው ታች፣ ከጎማው ኋላ ላይ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው።

ቀጥሎ ሻጩን የአንዱን የፊት መብራት እንዲያወጣልህ በትህትና ለምነው። በባትሪ መብራት ውስጡን ስታይ፣ ላሜራና ላሜራ በተገናኙበት ከንፈር ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያክሉ፣ ጎድጎድ ያሉ ክብ ምልክቶች ተሰልፈው ማየት አለብህ። ያ የፋብሪካው ነጥብ ብየዳ ነው። ከንፈሩ በሞረድ የተላገ ይመስል ለስልሶ ወይም በወፍራም ማሸጊያ ተድበስብሶ ካገኘኸው ፓራፋንጎው ተቀይሯል፤ ምናልባትም ተመትታ ነበር። ኮፈኖውን ከፍተህ በግራና በቀኝ ጠርዙ ያሉትን ምልክቶችም አነጻጽር፤ አንዱ ጎን ኖሮት ሌላው ከሌለው ጥያቄ አለህ። ከዚያ ሊፍት ላይ ትውጣ። በሚያብረቀርቅ ጥቁር ሬንጅ አዲስ የተቀባ ሆድ እኔን ደስ አይለኝም፤ ከካሊፎርኒያ የተመለሰች፣ ቀለሟ የጠወለገና ሆዷ አቧራ የለበሰ መኪና ትሻለኛለች።

ኤች ሰሌዳ (ጀርመን ለጥንታዊ መኪና የምትሰጠው ሰሌዳ) አላት ቢልህ አትርካ። ሰሌዳው መኪናዋ 30 ዓመት ማለፏንና ይዞታዋ እንደ ጥንቱ መሆኑን ይናገራል እንጂ፣ የቲዩፍ (የመኪና ምርመራው ድርጅት) ሰውዬ መብራት ፈትቶ አያይም።

አሁን ወደ ፎቶህ። ቁጥሩ የሚጀምረው 113044 ብሎ ነው፤ ያ በእርግጥ 280 ኤስኤል ነው። የሚከተሉት ሁለት አሃዞች ግን 12 ናቸው። 10 ቢሆን መሪዋ በግራ የሆነ ማኑዋል ነበረች፤ 12 ማለት መሪዋ በግራ የሆነ ኦቶማቲክ ማለት ነው። ማስታወቂያው ደግሞ ባለ 4 ማርሽ ነው የሚለው። ስለዚህ ሰው ካምቢዮዋን ቀይሯል። ለመንዳት ክፋት የለውም፣ እንዲያውም ብዙ ሰው ማኑዋሉን ይወደዋል። ግን «ሁሉም ቁጥር የፋብሪካ» ተብሎ የተጨመረውን ዋጋ አንተ የምትከፍልበት ምክንያት የለም። የሞተሩንም ቁጥር አንብበው፤ 130983 ብሎ መጀመር አለበት፣ ከፋብሪካ ከዚችው መኪና ጋር የወጣ ከሆነ ቀጥሎ 12 ይላል። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ምን እንደነበራት የሚዘረዝረው ዳታ ካርድ ካለው ያሳይህና ሁሉንም ከሱ ጋር አመሳክር። የቀለም ኮዱንም አትለፈው፤ ዛሬ ቀይ ሆና ካርዱ 180 ካለ ብርማ ሆና ነው የተወለደችው።

ቀብድ አሁን አትክፈል። ደውልና «ሳልደርስ ሞተሩን እንዳታስነሳ፣ ሊፍት ያለው ጋራዥ እንገናኝ፣ ወጪው የኔ» በለው። እሺ ካለና መብራቱ ጉድጓድ ውስጥ ነጥቦቹን ካገኘሃቸው፣ የቫልቩንና የነዳጅ ሥራውን ሒሳብ ቀንስ፣ የካምቢዮውንም ቀንስና ግዛት። መብራቱን አላወጣም፣ ሊፍትም አያስፈልግም ካለህ ሌላ ፈልግ፤ ከ230ው እስከ 280ው 48,912 ፓጎዳ ነው የተሠራው።